የማደሪያችን ሙቀት

እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ላይ የነጋዴ ማደሪያ ለመሥራት የተነሣነው የአንኮበር መንገድ በሲራራ ነጋዴ በተጨናነቀበት ዘመን ነው። ከቆላ ቡናና ጨው ጭነው የሚወጡት ሰዎች እኛ ዘንድ ሲደርሱ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። በረሃ የለመደ ሰው የደብረ ብርሃንን ውርጭ አይችለውም። ስለዚህ ድንጋዩ ተጠርቦ ሳያልቅ፣ አስቀድመን የተማከርነው ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ነበር።

ባለቤቴ መሀል ቤት ትልቅ ምድጃ ይሁን አሉ። አባታቸውም አያታቸውም የሞቁት እንደዚያ ነው።

“ጢሱስ?” አልኳቸው። “የሰው ሸማና ቡና ጢስ ጢስ ካለ ማን ይገዛዋል? ዕቃው የተበላሸበት ነጋዴ ተመልሶ አይመጣም።”

“እንግዲያው ከሰል እናስመጣ፤ ከሰል ጢስ የለው።”

ከሰልን እፈራው ነበር። መዘዞ በሚባለው አገር፣ አባቴ ቤት ሳለሁ፣ ጎረቤቶቻችን የነበሩ ባልና ሚስት ብርድ ሲጠናባቸው በር ዘግተው ከሰል አያይዘው ተኙ። በማግስቱ በሩን ሰብረው ነው ሬሳቸውን ያወጡት። ይህን ስነግራቸው ባለቤቴ ከሰሉን ተዉት። ከዚያ የአባቴን ቤት ነገርኳቸው፤ ከታች ከብቶቹ ያድራሉ፣ ከላይ ቆጡ ላይ እኛ እንተኛለን። የላሞቹ ትንፋሽ በወለሉ ርብራብ ሾልኮ ይወጣና ባና ሳንደርብ እናድር ነበር።

“እንግዳ ከከብት በላይ እተኛለሁ ይላል?” አሉ።

“ይሸተዋል እንጂ አይበርደውም።”

ሳቁና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ፤ ከታች በረት፣ ከላይ ቆጥ ሠራን። የነጋዴው ቅቤና ማር ግን በሞቀ ቤት አይቀመጥም። ለእነሱ ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ በሚመታውና ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ወፍራም የድንጋይ ጓዳ አሠራን። ግድግዳው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ስለተተወለት እኩለ ቀን ላይ እንኳ እጅ ያደነዝዝ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ደህና ሠራን። ቤቱ ተወደደልን። ከዚያ የከብት በሽታ ገባ። ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ ማታ ቆመው የተውናቸውን ማለዳ ወድቀው እናገኛቸዋለን። የመጨረሻዋን ላም ባለቤቴ በገመድ ጎትተው ካወጧት በኋላ በረቱን ጠርገው በሩን ዘጉት። ቤቱ እንደ ዋሻ ቀዘቀዘ። ከብት ከሌለ ኩበት የለም፤ እሳትም ብርቅ ሆነ። ነጋዴውም ቀረ።

በሬው ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም። ርሀብ መጣ። ሰው ከየገጠሩ እየተነሣ በመንገዱ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ቀን ከእነዋሪ በኩል የመጣች፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ደጃችን ቆመች። እህል አልጠየቀችኝም።

“እመቤቴ፣ ከብቱ ካለቀ በረቱን ለእኛ ቢሰጡን” አለች።

ከፈትኩላት። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ ከዚያም ሌሎች። ካለን ገብስ ቀጭን አጥሚት እያፈላሁ አቀርብላቸው ነበር። ለሁሉም አይዳረስም።

አንድ ንጋት ላይ ባለቤቴ ቆጡ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

“ቤቱ ሞቋል” አሉ።

እጄን ወለሉ ላይ ባሳርፍ እውነትም ሞቋል። ከሥር ሕፃን ሲያስል ተሰማን። የሞቅነው በእነሱ ትንፋሽ ነበር።

“ሰው እንደ ከብት ከሥራችን አስተኝተን እኛ ሞቀን አደርን?” አሉ ባለቤቴ። ጋቢያቸውን ለብሰው ወረዱ።

በዚያው ቀን ሕፃናቱንና የታመሙትን ወደ ቆጡ አወጣን። እኛ ታች በረቱ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር ማደር ያዝን። ከቆጡ ወለል ግማሹን ባለቤቴ በመጥረቢያ አፍርሰው በረቱ መሀል እሳት አነደዱበት። ያን ያህል የለፋንበት እንጨት ነበር፤ እኔም ስብርባሪውን እያቀበልኩ አነድድ ነበር እንጂ አልከለከልኳቸውም።

እሳቱ ሁሉንም አላዳነም። የሞቱትን፣ ቄሱ መጥተው ፍትሐት እስኪያደርሱላቸውና መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው እስኪገኝ፣ በቅቤው ጓዳ እናሳርፋቸው ነበር። ከዚያ ሌላ የሚሆን ቦታ አልነበረንም። ባለቤቴ አስከሬን ሲያነሡ ሲጥሉ ትኩሳቱ ያዛቸው። ቆጡ ላይ አስተኝቼ አስታመምኳቸው። ውኃ ስሰጣቸው “ሕፃኗን አጠጫት” ይሉኝ ነበር። ሲያርፉ እሳቸውንም እዚያው ጓዳ አሳደርኳቸው። በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ያቺ የእነዋሪ ሴት መጥታ የነጠላዋን ግማሽ ደረበችልኝ።

ዝናብ ሲጥል መራመድ የቻሉት ወደየአገራቸው ተነሡ። በሬ ስለሌለ በዶማ ቆፍረው ሊዘሩ ነው። ሴትዮዋም የተረፈችኝን ጥቂት የገብስ ዘር በጨርቅ ቋጥሬ ስሰጣት፣ ተቀበለችኝና ቋጠሮውን ለሕፃኗ አስጨበጠቻት።

“አደራ፣ እንዳትበሉት” አልኳት።

“እርቦን ብንሞት እንኳ እንዘራዋለን” አለችኝ።

ዳገቱን እስኪያልፉ ቆሜ አየኋቸው። ደርሰው ዘርተውት እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።