ለሁሩታ ዳገት የተላከ ቱርቦ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። ቤንዚን በኩፖን የምንቀዳበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ የትናንት እራቴን የምረሳበት ቀን አለ። ይሄ ግን አልጠፋ አለኝ። ዳገት ላይ መኪና ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ያኔ አንዲት ያረጀች ትንሽ የጣሊያን መኪና ነበረችኝ። ከናዝሬት በዴራ አድርጌ እስከ ሁሩታ ሰው አመላልስባት ነበር። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። የሁሩታ ዳገት ላይ ስትደርስ ግን አቅሟ ያልቃል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ተሳፋሪው ግማሹ ወርዶ በእግሩ፣ ግማሹ ከኋላ እየገፋ ነበር የምንወጣው።

ደበበ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ጓደኛ ስል ወንድሜ ማለቴ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያሳደጉኝ የእሱ እናት፣ እማማ ዘነበች ናቸው። ሁሩታ አንድ ቤት፣ አንድ መደብ ላይ ነው ያደግነው። እሱ ኋላ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ቀልደኛ ነበር፤ "ይቺ መኪናህ ዳገት ስታይ ንስሐ ትገባለች" እያለ ያበሽቀኛል።

አንድ ቀን ሁለታችን እማማን ለጉልበታቸው ናዝሬት አሳክመን ስንመለስ፣ መኪናዋ ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። እማማ በሩን ከፍተው ወረዱ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ዘወር ብለው፣ "ቀድሜ ደርሼ በር ልክፈትላችሁ" አሉን። ሳቅን። የደበበ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ያን የታመመ ጉልበት ከኋላ ሲያየው ቆየና፣ "ለዚች መኪና ቱርቦ እፈልግላታለሁ፤ እናቴ ከእንግዲህ እዚህ ዳገት ላይ አትወርድም" አለ።

ቱርቦ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሞተሩ የሚያወጣው ጭስ እያሽከረከረው መልሶ ለሞተሩ አየር የሚነፋለት ዕቃ ነው። የደበበ ከባድ መኪና ነበረው። እንደ እኔዋ ባለች አሮጊት ላይ ግን ተገጥሞ ያየ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ጉዞው ከአንድ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ፣ ድስት የሚያህል ቱርቦ አመጣ። ተሸክመነው ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጋራዥ ወዳላቸው ወደ ጋሽ ቱፋ ወሰድነው። በጣታቸው አዞሩት፣ አዩትና መለሱልን። "ይሄ የዝሆን ሳንባ ነው። የእሷ ጭስ ይሄን እስኪያዞረው ዳገቱ ያልቃል" አሉ። ትንሽ ሞተር ቀላል ቱርቦ ነው የሚፈልገው፣ በዝግታ እየሄደች ሳለ ቶሎ የሚነቃ። ደግሞም ያረጀ ሞተር ስለሆነ ብዙ ከተነፋበት ይፈነዳል አሉን።

ሌላ ጊዜ ከትራክተር የተፈታ አመጣ። እሱንም ጋሽ ቱፋ ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርገው፣ መሃል ያለው ዘንግ ላልቷል፣ ዘይት ይጠጣል ብለው ጣሉት። ከዚያ ቡጢያቸውን ጨብጠው አሳዩት። "ይሄን የሚያህል። ከዚህ አይብለጥ።" ደበበ ተጠግቶ የራሱን ቡጢ ከእሳቸው ጋር አስተያየና፣ "ጋሽ ቱፋ፣ እንዳልሳሳት ቡጢዎን ይዤው ልሂድ እንዴ?" አላቸው። ጋሽ ቱፋ በያዙት ጨርቅ መቱት። እየሳቀ ወጣ። ያን ቀን ነው መጨረሻ ያየሁት።

የአሰብ ሾፌሮች ዕቃ የሚላላኩበት ወግ ነበራቸው። ወደ ላይ የሚመለሰው ወደ አሰብ ከሚወርደው ይቀበልና ሞጆ ሻይ ቤት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። ከጊዜ በኋላ፣ ሞጆ አስካለ ሻይ ቤት ዕቃ ተቀምጦልሃል የሚል መልእክት መጣልኝ። አስካለ እኔን ካየች መቀለድ ነው ሥራዋ፤ ስለ መኪናዬ "ዛሬስ ማን ገፍቶልህ መጣህ?" ትለኛለች። ያን ቀን ግን አልቀለደችም። በደበበ ሽርጥ የተጠቀለለውን ዕቃ እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሻይ ሂሳብ ብሰጣት እንቢ አለች።

"ቡጢ ይለኩበት ብሏል" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

አሟታል መሰለኝ። ሽርጡን ስፈታው ትንሽ፣ ንጹሕ ቱርቦ ነው። ጋሽ ቱፋ ቡጢያቸውን አጠገቡ ሲያስቀምጡ ልክ ሆነ። የያዙትን ሥራ ሁሉ ትተው ገጠሙልኝ፤ በሞተሯ ክዳን ሥር ያለውን ጋርኒሲዮን ለወጡ፣ የዘይት ቱቦ ቀጠሉ፣ ብዙ እንዳይነፋ አድርገው አሰሩት።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ሁሩታ ነዳሁ። ዳገቱ ሲጀምር እንደ ልማዴ አንደኛ ማርሽ ላስገባ እጄን ሰደድኩ። አላስፈለገም። ከፊት ቀጭን ፉጨት ተነሣና መኪናዋ ወንበሩ ላይ ለጠፈችኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ደበበ አጠገቤ ኖሮ ቢሰማት አልኩ።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ስንዴ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ልጅዎ የላከልዎትን ይዩ ብዬ እንደዚያው በሥራ ልብሳቸው ጫንኳቸው። ቁልቁል ወርደን ዞርንና ዳገቱን ጀመርን። እማማ በሩን በእጃቸው ይዘዋል፣ ለመውረድ ተዘጋጅተው። ያ የሚወርዱበት ቦታ አለፈ። ፉጨቱን ሲሰሙ፣ "ምን ትላለች?" አሉኝ። "ደበበ ነው የሚያፏጨው" አልኳቸው። ጊዜ አልፈጁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው እልል አሉ። እኔ ጥሩምባ እየነፋሁ፣ እሳቸው እልል እያሉ ከተማው ገባን።

መንገድ ዳር ያሉት ሴቶች ቆመው ያዩናል። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ገርሟቸው ነው አልኩ።

እማማ ምሳ ላቅርብ ብለው ሲገቡ ጎረቤታቸው አቶ ገለቱ በምልክት ጠሩኝ። ከገብሱ ክምር ጀርባ ወሰዱኝና ክንዴን ያዙ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ድምፅህን እንዳታሰማ" አሉኝ። "ደበበ የለም። አሰብ መንገድ፣ ዲቾቶ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጧል። ሙቀት ስለሆነ እዚያው ቀብረውታል።"

መርዶ በደረቁ አይነገርም። የደበበ እህት ከአቦምሳ እስክትመጣ እየጠበቁ ነበር፤ ነገ ማለዳ፣ እማማ እህል ሳይቀምሱ ሊነግሯቸው ነው። እኔም ከእሳቸው ጋር አብሬ እንድሰማ ነበር የታሰበው፤ ልጅ ነኛ። ለካ ሞጆ አስካለም ታውቅ ኖሯል። ዕቃውን ያመጣው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆይቶ ወሬው ቀድሞታል።

"አሁን ግባና ብላ" አሉኝ አቶ ገለቱ። "ዛሬን እማማ በደስታቸው ይደሩ።"

ገባሁ። እማማ ደስታ ፊታቸውን ልጅ አስመስሎታል። አጎረሱኝ። ዋጥኩት። ደበበ መቼ ይመጣል ሲሉኝ፣ በቅርቡ አልኳቸው።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እማማ ያዩት እነሱን አልነበረም። እኔን ነው ያዩት።

ለብዙ ጊዜ እንዳዘኑብኝ አስብ ነበር። ሳላውቅ እንኳ ቢሆን በልጃቸው ሞት እልል አሰኝቻቸዋለሁ። በሕዝብ መሃል ጥሩምባ ነፍቻለሁ። ዝም ብለው ያዩንን ሁሉ ቂም ይዤባቸውም ነበር። ከዓመቱ ተዝካር በኋላ እማማ ራሳቸው አነሱት። "አታስበው" አሉኝ። "ደበበ ሚስት አላገባም፤ ሠርግ አላየሁለትም። እልል ያልኩለት ያን ቀን ብቻ ነው። እንኳን አልኩ።"

እሳቸውም አልፈዋል። መኪናዋን እስክትሞት ነዳኋት፤ ቱርቦውን አልፈታሁትም። ዳገቱ ላይ ፉጨቱ ሊጀምር ሲል ግን እግሬ ራሱ ከነዳጁ ላይ ይነሣ ነበር። ተሳፋሪዎቹ፣ "ጉልበት አላት ትል አልነበር እንዴ?" ይሉኛል። አላት እላቸዋለሁ። እንደ ድሮው ቀስ እያልን እንወጣ ነበር።