ስልኩ ዝም ያለበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ እሑድ ለእኔ የሚጀምረው አመሻሹ ላይ ስልክ ሲጮኽ ነበር። እናቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር በሳምንት አንዴ ትደውልና ትምህርቴን፣ ጸጉሬን ማን እንደሠራኝ ሳይቀር ትጠይቀኛለች። የምኖረው ከአባቷ፣ ከአያቴ ጋር ነበር፤ አባባ እላቸዋለሁ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ በኋላም። እኛ ብንደውል አይገባም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ባሕር ማዶ ሄደው ስለቀሩ ሴቶች ትልልቆቹ በሹክሹክታ የሚያወሩትን ሁሉ እሰማ ስለነበር እህል አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍም በዐይኔ አልዞር አለ።

አባባ ይህን አይተው ኖሯል። መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበርና፣ ኩራዙ ተለኩሶ፣ የባሕር ዛፉ ፍም ቀስ እያለ አመድ ሲለብስ፣ ጭሱና በበሩ ሥር የሚገባው ጉም እስኪምታቱብኝ ድረስ ቤቱ ሲደበዝዝ፣ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተውኝ ተረት ይጀምሩልኛል። የማልረሳው የአንዲት አሮጊት ነው። በድርቅ ዘመን፣ ጧት ጧት እንስራዋን አዝላ ወደ ደረቀው ምንጭ ትወርዳለች፤ ተንበርክካ ትጸልያለች፤ ባዶዋን ትመለሳለች። መንደርተኛው «ውኃ በሌለበት ምን ያመላልስሻል?» ቢላት፣ «ውኃው የመጣ ለታ እንዳያጣኝ ብዬ ነው» አለች።

«ከዚያስ? ውኃው መጣ?» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉ። «እሱን የነገረኝ የለም። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጥም መካከል የሰላም እንቅልፍ ትተኛ ነበር አሉ።»

ተናድጄ አለቀስኩ። እኔ የፈለግሁት ውኃውን ነበር።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያዘነን ሰው የሚያበረታው በዚህች ቃል ነው። «ነይ፣ አብረን እንበል።»

እሳቸው ቆመው፣ እኔ ጋቢያቸውን ለብሼ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አርባ አንድ ጊዜ አልን። መጀመሪያ አፌ ቢጸልይም ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር። በየምሽቱ ስንደጋግመው ግን፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ቁጥሩ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ስለ እናቴ የሰማነው ነገር ሳይኖር በልቼ ማደር ቻልኩ።

አንድ ምሽት የአባባ ድምፅ መሐል ላይ ተቆረጠ። ቀና ብዬ ባይ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ለካ እሳቸውም ይፈሩ ነበር። መቁጠሪያውን ከእጃቸው ወስጄ፣ ካቆሙበት ቀጠልኩላቸው።

መስከረም ሲጠባ፣ እሑድ ባልሆነ ቀን፣ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። እናቴ ነበረች። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት፣ ከቤት እንዳትወጣ ከልክለዋት ከርማ፣ ገና መውጣቷ ነበር። «አለሁ እማዬ፣ አለሁ» ስትለኝ አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ያን ምሽት ጸሎቱ ያበቃ መስሎኝ ልተኛ ስል፣ አባባ እንደ ወትሯቸው ለጸሎት ተነሥተው ቆሙ።

«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ስንት ቤት አለ» አሉኝ፣ «ዛሬም ስልክ የሚጠብቅ።»

አጠገባቸው ቆምኩ። ዛሬ አድጌም፣ ጭንቅ ሲመጣብኝ እንደዚያው እቆማለሁ። ፍርሃቱ ሁልጊዜ ላይለቀኝ ይችላል፤ የምፈራው ግን ብቻዬን አይደለም።