ያልወረደው ቁጥር

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት፣ የድሬዳዋ የፊዚክስ መምህራን በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የእኔንና የአንዲት ተማሪዬን ሥራ የራሳቸው አድርገው አቀረቡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲጨበጨብላቸው እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

ሥራው ትንሽ ነበር። ትምህርት ቤታችን የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ የለውም፤ በተማሪዎቼ ኪስ ውስጥ ግን አለ። ስልክ አቅጣጫ የሚያውቀው በውስጡ ባለች፣ ከምስር በምታንስ የመግነጢስ ዳሳሽ (ሴንሰር) ነው። ከተበላሸ ስፒከር የተነቀለ ማግኔት ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ አመጣሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ ዘረጋን፤ ማግኔቱን ከስልኩ ጥቂት በጥቂት እያራቅን ስልኩ የሚያሳየውን ቁጥር መዘገብን። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማግኔቱ መስክ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በመጨረሻ የምድር የራሷ መስክ ብቻ ይቀራል።

ያን ሳምንት ሳስታውስ ሰዓቱ አይታወሰኝም። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል፤ ማራገቢያው አየሩን የነካ ሳይመስል ይዞራል፤ ልጆቹ ስልካቸውን አግድመው፣ እንደሞላ ብርጭቆ ተጠንቅቀው ይዘው በጸጥታ ይቆማሉ። ቁጥሮቹ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንቀጠቀጣሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ እኔም በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስልኬን ዘርግቼ እሄድ ነበር። በየብረት በሩ አጠገብ ቁጥሩ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ይላል፤ ሳልፈው ዝቅ ይላል። ከተማዋ በማይታይ ነገር የምትተነፍስ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም ከእርሷ ጋር።

የአንዲት ልጅ ቁጥር ግን አልወረደም። ከከተማው ዳር፣ ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ ናት፤ የእናቷን ስልክ ተውሳ ነበር። ማግኔቱን ከክፍሉ አስወጥተነው እንኳ የእሷ ስልክ ከሌሎቹ እጥፍ ያሳያል።

«አቦ፣ የመልካ ጀብዱ ስልክ ነው፤ ከተማ መግባቱን ገና አልሰማም» አለ ከኋላ አንዱ።

«ያንተ ከተማ ገብቶም ቻርጅ አይዝም» አለችው ሳትዞር።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በማግኔት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ ሴት «በጥንቃቄ አልለካሽም» አልኳትና ቁጥሯን እንዳለ ከሌሎቹ ጋር በደብተሬ አሰፈርሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ መጣች። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የከቨሩ ነው» ብላ የሚታጠፍ የቆዳ ከቨር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። መዝጊያው ውስጥ ጥፍር የምታህል ማግኔት ተሰፍታለች። እናቷ ልብስ ስትጠግን መርፌዋ መዝጊያው ላይ ስትለጠፍ አይታ ነው የገባት። ያለ ከቨሩ እንደገና ለካን፤ ቁጥሩ እንደ ሌሎቹ ወረደ። ትክክለኛውን ሰንጠረዥ በቀጣዩ ገጽ ጻፍሁ።

«ስሜ ይጻፋል?» አለችኝ።

«ይጻፋል» አልኳት። ቃል መስጠት አልወድም። ያን ቀን ሰጠሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ኃላፊው ደብተሬን «እስቲ ልየው» ብለው ወስደው በዚያው ቀን ከሰዓት መለሱልኝ። በስብሰባው ቀን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ያየሁት የመጀመሪያውን ገጽ ነው፤ ያልወረደው ቁጥር እንኳ ሳይቀር። ገጹን አልገለጡትም ነበር። አንድ መምህር ስለ ቁጥሩ ሲጠይቃቸው፣ ከወለሉ ሥር የተቀበረ የድሮ ሐዲድ ሊሆን እንደሚችል በተረጋጋ ድምፅ አስረዱ። የባቡር ከተማ ነንና ሁሉም አመናቸው።

ሰኞ ለልጅቷ ነገርኳት። ስለ ስሟ ትጠይቀኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ኃላፊው ስለ ከቨሩ ለመምህራኑ ነገሯቸው?» አለች።

«አልነገሯቸውም።»

«ታዲያ አሁን ሁሉም ለተማሪዎቻቸው ሐዲድ ነው ሊሉ ነው?»

መልሱ ያለው ሌላ ሰው ዘንድ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ስለ ጭብጨባው አልጠይቅዎትም። ልኬቱ የእርስዎ ከሆነ የሚከተለውን ለመመለስ አይቸገሩም፤ መልሱንም በጽሑፍ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ፦ ያ ቁጥር በተመዘገበበት ሰዓት ስልኩ ከቨር ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም?