በባዘዘው ሆድ ያሉት

ጤናዬ በየማለዳው፣ ልጇ ባዘዘው ከመደቡ ሳይነሣ፣ መዳፏን እሳት ታሞቅና ሆዱ ላይ ታሳርፋለች። «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች።

ይጁቤ ከተማ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷ፣ የብርጓል፣ ከደጃፍ ሆና፣ «አንቺ! አንድ ልጅ ይዘሽ ስንቱን ነው የምትጠይቂ?» አለቻት።

«ከገበያው ሕዝብ ይበዛሉ» አለች ጤናዬ፣ ሳትስቅ።

ባዘዘው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሳል ያዘውና ጤና ጣቢያ መድኃኒት ታዘዘለት። ሻል ሲለው የተረፈውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። እህል ለክረምት፣ ቅቤ ለአራስ፣ መድኃኒት ለክፉ ቀን፤ ያለውን ማኖር የባለሙያ ሴት ወግ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዱ በላላ ቁጥር ቀይና ጥቁሩን ክኒን ፈልቅቃ ዱቄቱን በወተት አጠጣችው። ሲያልቅ ከገበያ ገዛች። ተቅማጡ ግን ሄደ ሲሉት ይመለሳል፤ ጉንፋኑም አይለቀው። አንገቱ ራሱን መሸከም አቃተው። ጤናዬ ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ ቀብራለች፤ ሁለተኛ መቅበርን ፈርታ ልጁን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች።

የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ሲስተር አመተ ማርያም፣ ከመቀነቷ የፈታቻቸውን ክኒኖች አየች። አልተቆጣችም።

«ጤናዬ፣ በልጅሽ አንጀት ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ይኖራሉ። የጎተራሽ ጤፍ ቢቆጠር አይደርስባቸውም። የሰውነቱን ዘቦች ‹ይህ ጠላት ነው፣ ያንን እለፈው› እያሉ የሚያስተምሩ እነሱ ናቸው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ሲገድል ክፉና ደጉን አይለይም።»

«አስተማሪዎቹን ነው ስገድል የኖርሁ?»

«ሁሉን አልጨረስሽም። የቀሩት ይራባሉ፤ ጊዜ ስጪያቸው። መድኃኒት ሐኪም ሲያዝ ብቻ፣ ያኔም እስከ መጨረሻው።»

ጤናዬ የልጇን ሆድ እንደ አዲስ አየችው። ስንዝር የማትሞላ ሆድ፣ ያን ሁሉ ተማሪና አስተማሪ ይዛ! ሳታስበው፣ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው፣ ነጠላዋን አጣፋች።

ነርሷ የሰጠቻትን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ እየበጠበጠች በማንኪያ ስታጠጣው ሰነበተች። ተቅማጡ ሁለቴ ተመለሰ፤ ሁለቴም እጇ መቀነቷን ነክቶ ተመለሰ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ግን አንገቱ ጸና። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ሆዱን ስትነካው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላታል፣ ስለ ሁሉም ሆኖ።

ይህን ሁሉ ስታጫውተኝ «ይህንስ አትጻፊው» ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክኒኖች፣ ጊዜያቸው አልፎ፣ ቀለማቸው ለቆ፣ ዛሬም በመቀነቷ ጫፍ አሉ። መቀነቷን ባጠበች ቁጥር ትፈታቸውና መልሳ ትቋጥራቸዋለች።