ለአዛዥ ቬላን የተነፋው ጥሩምባ

ደበሳ ጥሩምባውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ሰውስ ምን ያድርግ! ደበሳ መቱ ውስጥ የታችኛው ገበያ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ማለዳ ድምፁ ከተሰማ አንድ ቤት ጎድሏል ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ "እገሌ አርፈዋል፤ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት ነው" ሲል ኖረ። ቀን ቀን ደግሞ ገበያው ዳር ቁጭ ብሎ ጃንጥላ ይጠግናል። የኢሉባቦር ዝናብ አያልቅምና ሥራው አያልቅበትም። ደንበኛው ግን ጃንጥላውን ሰጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል። "ምነው ቆየት ብትሉ?" ሲላቸው "ኧረ ቸኩያለሁ!" ይሉታል። ወዴት እንደቸኮሉ እንጃ!

ደበሳ እኮ ጨዋታ ከጀመረ ጥርስ አያስከድንም። ሰው ሞት ሞት ትሸታለህ ብሎ ሲሸሸው ከልቡ ያዝን ነበር። "ዱሬቲ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ሰምቶ ደስ ያለው ሰው አለ?" ይላታል ሚስቱን።

"እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺማ ለምደሽው ነው!"

ሰው አጠገቡ ደፍሮ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ቢኖር የእትዬ ተስፋነሽ ሻይ ቤት ነው፤ እሱም ቅዳሜ ከአስራ አንድ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ብቻ። በዚያ ሰዓት "ሰባቱ ጨረቃዎች" የሚባል ተከታታይ ፊልም በዲሽ ይመጣል፤ በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሰፈሩን አሳብዶት ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰው ሁሉ ሰባት ጨረቃዎች ላይ ይኖራል፤ የሚተነፍሰው አየር በመርከብ ነው የሚመጣለት። የሚገዛቸው ሸንጎ ሊቀ መንበር ድሮክ ይባላል፤ ፈገግታው ብቻ ደም የሚያፈላ ሰውዬ። ይሄ ድሮክ የትንሿን ጨረቃ አየር ቆርጦ ሕዝቡን ሊጨርስ፣ ማዕድኗንም ሊወስድ በድብቅ ይዶልታል። አዛዥ ቬላን የሚባል ጀግና ይደርስበታል። ድሮክ ቀደም ብሎ "ከሃዲው እሱ ነው" ሲል ያስከስሰዋል። እዚህ ላይ እትዬ ተስፋነሽ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆሙና "አንተ እባብ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ቤቱም "እትዬ፣ ዞር ይበሉልን!" ብሎ ይጮህባቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ሸንጎው ቬላንን "ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ ትማራለህ" አለው። "ያላደረግኩትን አልፈርምም" አለ። ከእስር አምልጦ አየር የጫነችውን መርከብ እያበረረ ትንሿ ጨረቃ ደረሰ። አየሩን አራግፎ ሲመለስ የድሮክ ወታደሮች መርከቧን አጋዩአት። ደበሳ እንባውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። ይሄ ሳያንስ ድሮክ ብቅ አለና "ሞቱ በየትኛውም ጨረቃ እንዳይነገር!" ብሎ አዘዘ።

ደበሳ ከወንበሩ ተነሳ። "ምን ማለት ነው እንዳይነገር? ሰው ሞቶ?"

"ኧረ ጋሽ ደበሳ፣ ፊልም እኮ ነው" አሉት።

የሰማቸውም አይመስል። ቤቱ ሄዶ እራት አልበላም አለ። ደሃ ሀብታም ሳይል፣ ዘመድ ያለውን ከሌለው ሳይለይ ለሁሉም ነፍቷል፤ በእሱ ዘመን ጥሩምባ ሳይነፋለት የተቀበረ ሰው የለም። እሑድ ማለዳ ጥሩምባውን አንስቶ ወጣ።

"የታችኛው ገበያ እድርተኞች ስሙ! አዛዥ ቬላን አርፈዋል! የትንሿን ጨረቃ ሕዝብ አትርፈው በግፍ አርፈዋል!"

ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። "ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማን ሞተ? ቬላን የማን ወንድም ነው?" እየተባባለ ይተያያል። ነገሩ የገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዚያው እድር አባል የሆነው የላይኛው መንደር ሰው ግን እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶባቸው ፊልሙን አላዩም፤ እሑድ ሲደገም ሊያዩ በጉጉት አድረው ነበር። "ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ! ጭራሽ መጨረሻውን ትነግረናለህ?" ብለው ለእድሩ አመለከቱ።

የእድሩ ጸሐፊ ሌንጮ ድሮም ጥሩምባ አይጥመውም፤ "በስልክ መልእክት እንላክ" ሲል ቆይቷል። ሰበብ አገኘ። ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው ደበሳን ማሰናበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደበሳ አንድ ጃንጥላ እንኳ አልጠገነም። ጥሩምባውን ከቀሙት ምን ሊቀረው ነው? ሰው ቢሸሸውም፣ ለየሰው ደጅ ያበቃው ጥሩምባው ብቻ ነው።

ስብሰባው ሳይጀመር ሌንጮ ወደ ጥግ ወሰደው። "ጋሽ ደበሳ፣ እኔ ለርስዎ ክፉ አላስብም። ያን ዕለት ጠጥቼ ነበር ብለው ይፈርሙና በማስጠንቀቂያ ይታለፉ፤ ጥሩምባውም ይቆይልዎታል።" ወረቀቱን ጽፎ ጨርሶ ይዟል።

ደበሳ ወረቀቱን አየ፤ ቀና ብሎ ሌንጮን አየ። "አንተ ልጅ፣ ፊልሙን አታይም እንዴ?" አለው።

ከረጅም ክርክር በኋላ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል "ምን ትላለህ ደበሳ?" ሲሉት ተነሳ። "አልጠጣሁም። አውቄ ነው የነፋሁት። ፊልም መሆኑም ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሰው ለሰው ብሎ ሞቶ፣ ሞቱ ይደበቅ ሲባል አንጀቴ አልቻለም። የላይኛው መንደር ሰዎች፣ እናንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አበላሽቼባችኋለሁ። ጠጥቼ ነበር ብዬ ግን አልፈርምም።" ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ወደ ድምፅ እንሂድ" አለ ሌንጮ። ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰውም ሰዓቱን አየ። ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ ነው።

"ስብሰባው ለአንድ ሰዓት ተቋርጧል" አሉ ኮስተር ብለው። "ማለቴ... ለሻይ።"

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ እድርተኛ እየተጋፋ እትዬ ተስፋነሽ ቤት ገባ፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠለጠለ። ደበሳ በር ላይ ቀረ። ድሮክ ሸንጎው ፊት ቆሞ የዕድሜ ልክ ገዥ ሊሆን ቃለ መሐላ እየፈጸመ ነው። እጁን እንዳነሳ የሸንጎው በር ተበረገደ። ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የትንሿን ጨረቃ ሕዝብ አስከትሎ ገባ፤ አዛዥ ቬላን! መርከቧ ሳትቃጠል በማምለጫ ጀልባ ወጥቶ ኖሯል። እትዬ ተስፋነሽ ማንቆርቆሪያውን ለቀቁት፤ እልልታው ጣራ አነሳ። አግዳሚ ላይ ቆሞ "በለው! በለው!" የሚለው ማን መሰላችሁ? ሌንጮ።

ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ጠረጴዛ መቱ። "ጸጥታ! ስብሰባው እዚሁ ይቀጥላል። እድራችን በሕይወት ያለ ሰው አርፏል ብሎ አስለፍፏል። የሚያርመው ደግሞ ያው የነፋው ሰው ነው። ሌንጮ፣ ጥሩምባውን አምጣ!"

ሌንጮ ሮጠ። የስንብቱ ነገር በዚያው ቀረ፤ ድምፅ የሰጠበትም የለ፣ ያስታወሰውም የለ።

ደበሳ መንገዱ መሐል ቆሞ ነፋ። ከዚያ ግን ቃል ጠፋው። አፉ የለመደው "አርፈዋል" ብቻ ነው፤ ላልሞተ ሰው ምን ይባላል? "እድርተኞች ስሙ! አዛዥ ቬላን..." አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። "አላረፉም! በሕይወት አሉ! ቀብር የለም!" በኦሮምኛም ደገመው፤ "ሉቡን ጅሩ! ጅሩ!"

በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሰው እየሳቀ ወጣ፤ ባጃጆች ክላክስ ሲያሰሙ፣ ዱሬቲ ከፊት ሆና ስታጨበጭብ፣ ግማሹ ሰፈር ተከትሎት ላይኛው መንደር ደረሰ። እዚያ እትዬ ሀረገወይን የሚባሉ አሮጊት አሉ። የባላቸውንና የሁለት ልጆቻቸውን ሞት የለፈፈው ደበሳ ነው፤ ጥሩምባ ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው ጓዳ ይገቡ ነበር። ዛሬ በከዘራቸው ተደግፈው ደጅ ወጡ። ቴሌቪዥን የላቸውም፣ ቬላን ማን እንደሆነም አያውቁም። ሰው አልሞተም መባሉን ብቻ ነው የሰሙት።

እጁን ያዙት። "ልጄ፣ እስቲ ድገመው" አሉት።

ደበሳ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ከተተና ጎንበስ ብሎ፣ በገዛ ድምፁ፣ ቀስ አድርጎ ደገመላቸው።