ጋሼ ጋቢና አልገባም ያሉበት ጠዋት

ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩት ጋሼ ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ከተቃዋሚ ወገን ተወዳድረው ሲያሸንፉ፣ የመረጣቸውም ያልመረጣቸውም "የኛ ሰው" ይላቸው ጀመር። እኔ ከሰላምታ በላይ አውርቻቸው አላውቅም ነበር። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋብኛል። ከስድስተኛ ክፍል ስቀርም ብዙ ያልከፋኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ ከእንግዲህ ተነሺና መልሺ የሚለኝ የለም።

የምሠራው ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ በብዛት የሚሸጠው ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ስለሆነ ያኔ ካልደረስኩ ብቀርም ያው ነው። ሰፈራችን ቀራንዮ መንገዱ የተቆፈረ ጊዜ በፌርማታችን ያልፍ የነበረው አውቶቡስ በሌላ በኩል ዞረ። መንገዱ ተሠርቶ አለቀ፣ አውቶቡሱ ግን አልተመለሰም። የቀረን ሚኒባስ ነው፤ ሰልፉም ከፌርማታው ተነስቶ ብረታ ብረት ቤቱን አልፎ ይታጠፋል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙ ታገሱኝ። በመጨረሻ ግን "አንድ ቀን ደግመሽ ብታረፍጂ እዚያው ሰፈርሽ ሥራ ፈልጊ" አሉኝ።

ለጋሼ የነገረቻቸው እማዬ ናት። እንዳትነግሪ ብዬ ለምኛት ነበር። ጋሼ ስለ ትራንስፖርት በሚመክረው ኮሚቴ ውስጥ ስለሚሠሩ ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን አይተናቸዋል። "የዳር ሰፈር ሕዝብ በታክሲ ሰልፍ እየተንገላታ ነው" ሲሉ፣ መልስ የሚሰጡት ባለሥልጣን ረጋ ብለው "ሰልፉ በጣም አጥሯል። ለመሆኑ የተከበሩ አባል ራስዎ ቆመው ያውቃሉ?" አሏቸው። አንዳንዶች ሳቁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ተቀመጡ።

ለምን ዝም እንዳሉ እኛ ሰልፈኞቹ እናውቃለን። ጋሼ ቆመው አያውቁም፤ ያላስቆምናቸውም እኛው ነን። መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ከቀረች ወዲህ የሚሄዱት በታክሲ ነው። ግን ገና ከሩቅ ሲታዩ "ጋሼ ይለፉ፣ ይለፉ!" ይባላል። ተራ አስከባሪው "ፋዘር፣ ጋቢና!" ብሎ በሩን ይከፍትላቸዋል። "ኧረ ተራዬን ልጠብቅ" ካሉ ትልልቆቹ ሴቶች ይቀየማሉ። "እርስዎን አቁመን እኛ ልንሄድ? ነውር አናውቅም እንዴ?" አክብረን አክብረን፣ ሰልፋችንን የማያውቅ ተወካይ አደረግናቸው።

እማዬ በነገረቻቸው ማግስት ወደ ቤታችን ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ሐሙስ ጥያቄ አቀርባለሁ። ነገ ጠዋት ካንቺ ኋላ ልቁም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ያውቁዎታል" አልኩ ወለሉን እያየሁ።

"ኮፍያ አደርጋለሁ።"

እማዬ ሳቀች። "ያ አረማመድዎ በኮፍያ ሊደበቅ ነው?"

በነጋታው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ የልጃቸውን ጃኬት ለብሰው መጡና ከኋላዬ ቆሙ። ማንም ልብ አላለም። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ባዶ ሚኒባስ ይመጣና "ኮንትራት ነኝ" ብሎ ያልፋል። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል፣ ሌላው ይመጣል፣ እሱም ያልፋል። አንድ ነገር ብቻ አልቻሉም፤ ሰላምታ መተው። አንዲት የሰፈራችን ሴት ስታልፍ "እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ?" ብለው አረፉት።

"ውይ! ጋሼ ናቸው እኮ!"

"ማነው ያቆማቸው?"

"ፋዘር፣ ኮፍያዋ አላዋጣችም" አለ ተራ አስከባሪው፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ቆመና ጋቢናው ተከፈተ። ጋቢና ሁለት ሰው ይይዛል። "ልጅቷም አብራቸው ትግባ፣ ጎረቤታቸው ናት" አለች አንዷ።

ከገባሁ በሰዓቱ እደርሳለሁ፣ ሥራዬም ይተርፍልኛል። ጋሼ አዩኝ። ለኔ ብለው ሊገቡ እንደሆነ ገባኝ፤ አንድ እግራቸውን አንስተዋል። ከገቡ ግን ሐሙስ ያንኑ ጥያቄ ቢጠየቁ እንደገና መነጽራቸውን አውልቀው መቀመጣቸው ነው።

"ተዉአቸው!" አልኩ። ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። "ይቁሙ። እንደኛ ይቁሙ።"

"ኧረ ይቺን ልጅ እዩልኝ! ሽማግሌ ይቁም ትላለች?" አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

"ለኛው እኮ ነው" አልኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። "እባካችሁ፣ ለዛሬ አታክብሩኝ። ጋቢና አልገባም።"

ሰው አጉረመረመ፣ ግን ተወን። ጋቢናው ውስጥ የገቡት እኔን የተቆጡት እናት ናቸው።

ፀሐዩ ጠነከረ። ጋሼ ክብደታቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እግራቸው ያዛውራሉ። ከፊታችን የታመመ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፤ ተስፋ ስትቆርጥ ሰልፉን ትታ በእግሯ ቁልቁል ወረደች። ጋሼ እስክትሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት።

ዳቦ ቤት ስደርስ የጠዋቱ ገበያ አልፎ ነበር። እትዬ አልጮኹብኝም። "እስከ ቅዳሜ ሥሪና እንተያያለን" ብቻ አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

ሐሙስ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ፓርላማውን ያሳይ ነበር። ጋሼ ተነሱ።

"አውቶቡስ ስንት እንደተገዛ ይነገረናል። ሰው ምን ያህል እንደቆመ የሚነግረን ግን የለም። ፖሊሲያችን ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው ይጀምር ነው የምለው። ባለፈው ቆመው ያውቃሉ ወይ ተብዬ ነበር። አሁን ቆሜያለሁ።"

ስለ ኮንትራቶቹ፣ ልጅ ስላዘለችው ሴት፣ መንገዱ አልቆ ስላልተመለሰው አውቶቡስ ተናገሩ። ከዚያ "ከፊቴ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር" ሲሉ የያዝኩትን የዳቦ ትሪ አስቀምጬ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ። "ዳቦ ቤት ትሠራለች። ካረፈደች ሥራዋን ታጣለች። በጊዜ የምትሄድበት ዕድል ነበራት፤ እኔ አውቄ እንድናገር ብላ ቀረች። ለሷ ምን ብዬ ልመልስላት?"

ባለሥልጣኑ ጉዳዩ በጥናት ላይ እንደሆነ መለሱ።

እትዬ ፌስታሉን አስቀመጡ። እኔን አዩ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ። "እኚህ ሰውዬ እኔን ነው እንዴ በአገር ፊት የሚከሱኝ?"

"መልስ ይስጡ እንግዲህ፣ የተከበሩ እትዬ!" አለ አንዱ ደንበኛ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እትዬ ለጊዜው ተኮሳተሩ፣ ከዚያ እሳቸውንም ሳቅ አመለጣቸው።

"የጠዋቱን የእህቴ ልጅ ትያዘው" አሉኝ። "አንቺ ታክሲው ባመጣሽ ሰዓት ግቢ፣ ማታ ዘግተሽ ትሄጃለሽ። ሰውዬውንም ስሜን ስላልጠሩት አመስግኚልኝ።"

ጋሼ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይኸው፣ ቁርጥ ያለ መልስ አገኘሁ" አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። አውቶቡሱ እስካሁን አልመጣም፣ እሳቸውም መጠየቁን አልተዉም። ጠዋት ሲመጡ አሁን ይለፉ የሚላቸው የለም። የመጨረሻው ሰልፈኛ ጠጋ ይልና "ጋሼ፣ ቦታዎ ይኸው" ይላቸዋል።

ዳቦ ቤቱን ዘግቼ ስወጣ ግን ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ የሚቆመው ሰልፍ ከጠዋቱ ይብሳል። ይህን ደግሞ ለጋሼ ማን ይንገራቸው ብዬ ሰነበትኩ። አንድ ቀን በራቸውን ያንኳኳሁት እኔው ነኝ።