ሁለቱ ብልቃጦች

ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል ሰፈር ባለ የኩላሊት ሐኪም ቤት አጠገቤ ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌ ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ፤ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ጫማቸውን ወልውለዋል። ክራቫታቸውን ግን ሌላ እጅ እንዳሰረላቸው ያስታውቃል። ቦርሳቸው እንዳይጋደም በሁለት እጃቸው ደግፈውታል። ስማቸው ሲጠራ ተነሡና ሽንት ያለበትን የፕላስቲክ ብልቃጥ አውጥተው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ለነርሷ አስረከቡ።

ተመልሰው ሲቀመጡ መልኬን አይተው አስመራ አስመራ በሚል አማርኛ አወሩኝ።

"ድሮ ኩላሊቴ መቆጣቱን ለማወቅ ጀርባዬን በመርፌ ይወጉኝ ነበር። አሁን ሽንቴን አይተው ይነግሩኛል፤ እግዜር ይመስገን።"

ይህን ብለው ከቦርሳቸው ሌላ ብልቃጥ አወጡ፤ ክዳኑም መጠኑም ያው ነው። አማተቡና ከውስጡ ተጎነጩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ጀርመናዊት መጽሔቷ ከእጇ ወደቀ።

"ባለቤቴ ያመጣችልኝ ጸበል ነው" አሉኝ እየሳቁ። "ዶክተሯ የጠዋቱ ሽንት እንዳይቀጥን ውሃ አታብዛ ስላለችኝ፣ እስካስረክብ አቆየሁት። ብልቃጡን ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነው የሚሰጡኝ። ታዲያ ይጣላል እንዴ?"

ትንሽ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው፣ ኮታቸውን ገለብ አድርገው መርፌው የገባበትን ወገባቸውን አሹ። የቀረውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"እንኪ ጓለይ፣ እንኪ ልጄ፣ አንቺም በደኅናሽ እዚህ አልተቀመጥሽም።"

አመስግኜ ተቀበልኳቸው። ጸበል መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣውና ቀለሙን አየሁ።

"አይዞሽ" አሉኝ፣ "ያኛውን ነርሷ ወስዳዋለች።"